የአያ ታከለ ቃልና የይርጋ ኮምፒውተር

ሰው መጠየቅ ሥራዬ ነው። በሕዝብ ፊት ቆሜ የተጠየቅሁት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የተጠየቅሁበትን ነገር ያጠፋሁትም ራሴ ነበርሁ። እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

በአሥራ ዘጠኝ መቶ ዘጠናዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ቢቸና ተቀምጬ ለአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ዜና እልክ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ስም፣ ቀንና ቁጥር ሳላጣራ ምንም አላስተላልፍም፤ ከማንም ወገን አልቆምም። በሁለቱም እኮራ ነበር።

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ዳር በምትገኝ አንዲት መንደር ዘውዱ የሚባል ገበሬ በድንበር ጠብ ተገደለ። ገዳዩ ተያዘ፣ ተፈረደበት። በአገሩ ልማድ ግን ፍርድ ቤት ገዳዩን ያስራል እንጅ ደሙን አያደርቅም። ደም እስኪደርቅ ድረስ የሟች ወንድም የገዳይን ወንድም ይፈልጋል። የገዳዩ ወንድም ሙሉቀን ይባላል። በጠቡ ቀን ከቦታው አልነበረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን በሩን ዘግቶ ተቀመጠ፤ ገበያ አልወጣም፤ የክረምቱ እርሻም እንዳለ አለፈው። የሟቹ ወንድም አበጀ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ላይ ነበር። መሣሪያ መግዛቱ ተሰማ።

አስታራቂ ሽማግሌዎቹን የሚመሩት የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ልሳነወርቅ ነበሩ። አገሩ ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል። ስለ እርቁ ዘገባ ልሠራ እየተከተልኋቸው ነበር። ብዙ ወር ለፍተው አንድ ነገር ብቻ ቀራቸው፤ የሟች አባት የአያ ታከለ ቃል። አያ ታከለ ታመው ሞጣ ተኝተዋል። በልማዱ እንዲህ ያለውን ቃል ሦስት ሰው ሰምቶ ይሸከመዋል። እኒያ ሦስቱ በኋላ በጉባኤ ይመሰክራሉ። ሕመሙ ስለጠናባቸው ግን ከሁለት ሰው በላይ አይገባም ተባለ።

«የኔታ፣ ቪዲዮ የሚቀርጽ ልጅ ሞጣ አውቃለሁ» አልኋቸው። «ካሜራ ሦስት ሰው ቀርቶ ሠላሳ ሰው ይተካል።»

«ካሜራ ቢዋሽ በማን ያስምሉታል?»

«ካሜራ አይዋሽም።»

ትንሽ አዩኝና «ይሁን፣ አንተ ካልህ» አሉ።

የገባነው እኔና ይርጋ ነን። ይርጋ ሞጣ ላይ የቪዲዮና የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ያለው፣ ሰርግ በመቅረጽ የሚተዳደር ጎልማሳ ነው። አያ ታከለ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ተናገሩ። ብዙውን ጊዜ የተናገሩት ስለ ልጃቸው አሟሟት ነው፤ ገዳዩን ረገሙ፣ ዘሩንም ረገሙ። ይቅርታው የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። እኔ ደብተሬን ከኪሴ አላወጣሁም። ካሜራው ይዞታል ብዬ ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ አረፉ። አበጀ መርዶውን መተማ ሰማና መልእክት ላከ፤ እሑድ እመጣለሁ፣ አባቴ ምሮ ከሆነ ከተቀረጸው ከራሱ አፍ እሰማለሁ፣ ከሌላ ሰው ግን አልቀበልም። የኔታ ጉባኤውን ለእሑድ ቆረጡ። እኔም ሐሙስ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ዲስኩን ላመጣ ሞጣ ሄድሁ።

«ገና አልሠራሁትም» አለኝ ይርጋ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ጥር እኮ ነው ጋዜጠኛው! ሰው ሁሉ ሲዳር ነው የከረመው። እኔም እንቅልፍ አላየሁ።»

«እሽ፣ ካሴቱን ስጠኝ።»

ራሱን አከከ። «ካሴቱ ላይ ሰርግ ቀርጨበታለሁ። ሁለት ካሴት ነው ያለኝ፤ ተራ በተራ ነው የምጠቀምባቸው። አትደንግጥ፣ ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጨዋለሁ። አለ።»

አለ። አሥራ አንድ ጊጋ የሚሆን አንድ ፋይል ነው፤ በዚያ ዘመን ይህን የሚችል ፍላሽ የለም። በዲስክ ማጫወቻ እንዲታይ ወደ ቪሲዲ መቀየር አለበት። ኮምፒውተሩ ደግሞ ከአዲስ አበባ አገልግሎ የመጣ፣ ሽፋኑ የወየበ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። መብራት በዚያ ሰሞን በተራ ነበር፤ ሐሙስና ዓርብ ከሦስት እስከ ሰባት ሰዓት የይርጋ ሰፈር ተራ ነው። ቅዳሜ የለም። ቤንዚን ከከተማው ስለጠፋ ጄኔሬተር የሚያስነሣ አልነበረም።

ልክ በሦስት ሰዓት አስጀመርነው። ቁጥሩ በመቶኛ ይሄዳል። አራት ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ አየሁት። ሰማንያ አራት ላይ ሲደርስ መብራቱ ሄደ።

«ከቆመበት ይቀጥላል?» አልሁት።

«አይቀጥልም። ከዜሮ ነው።»

ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ በበሩ ብቅ ብሎ «ይርጋ፣ ያንተ ሙሽሮች ልጅ ወልደው ክርስትና ሊያነሡ ነው፤ አንተ ገና ሰርጋቸውን ትሠራለህ!» አለ። ይርጋ አልሳቀም።

ከሰዓት በኋላ ሱቁ በረንዳ ላይ ተቀምጠን አሰብን። ይርጋ «ሁለት ቦታ እንክፈለው» አለ። «ግማሹን ነገ፣ ግማሹን ሌላ ቀን።»

«ሌላ ቀን የለም። ደግሞ የኔታ ምን አሉ? የሟች ቃል አይቆረጥም። ሁለት ቦታ የተከፈለ ነገር ይዤ ብሄድ አበጀ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ በመካከል ምን አወጣችሁ ብሎ ነው።»

ይርጋ ከበረንዳው ተነሣና «እንግዲያውስ ማስሮጥ ነው» አለ።

የኮምፒውተሩን ሽፋን ፈቶ አሳየኝ። ማሽኑ ሲነሣ በሚከፈተው ማስተካከያ፣ ባዮስ በሚሉት ውስጥ፣ ከቀንና ከሰዓት በቀር ይህ ነው የሚባል የሚነካ ነገር የለም። ማዘርቦርድ በሚባለው ዋናው ሰሌዳ ላይ ግን ጥቂት ቀጫጭን የብረት ፒኖች አሉ፤ ጃምፐር የምትባል የሩዝ ፍሬ የምታክል ክዳን ሁለቱን ታገናኛለች። አጠገባቸው በደቃቅ ነጭ ጽሑፍ ሦስት የፍጥነት ቁጥር ታትሟል፤ 66፣ 75፣ 83። ክዳኗ 66 ላይ ነበረች። ሌላ ምርጫ የለም።

«ይህችን ወደ 75 ስታዛውራት ፕሮሰሰሩ ይፈጥናል» አለ። «ሠርቼበት አውቃለሁ፣ ችግር የለውም። 83ን ግን አልሞከርሁም።»

ብዕሬን አውጥቼ አሰላሁ። ሰማንያ አራት ከመቶ በአራት ሰዓት ከሄደ ሙሉው ወደ አምስት ሰዓት ይጠጋል። በ75 ከአራት ሰዓት ያልፋል። በ83 ግን ዲስኩን ለመጻፍ ወደ ሩብ ሰዓት የሚጠጋ ይተርፈናል።

«83» አልሁት።

«ስማኝ» አለ። «ይህ ቦርድ እንደ በሬ ነው። ፕሮሰሰሩም ሃርድ ዲስኩም በአንድ ቀንበር ነው የተጠመዱት። አንዱን ስትገርፍ ሌላውም አብሮ ይሮጣል። ፕሮሰሰሩ ቢሞቅ ቬንትሌተር እናስጠጋለታለን። ሃርድ ዲስኩ ቢሳሳት ግን ምን እናደርጋለን?»

«ይሳሳታል?»

«እንጃ። ሌላ ሃርድ ዲስክ የሚያውሰኝ መምህር አለ። ነገ መብራት ሲመጣ መጀመሪያ ቅጅ እናውጣና በዚያ ላይ እንሥራ።»

«ቅጅ ለማውጣት ስንት ይፈጃል?»

«ዲስኩን አስሬ እስክገለብጠው ግማሽ ሰዓት።»

«ግማሽ ሰዓት የለንም።»

እዚህ ላይ ቆም እንድትሉ እፈልጋለሁ። ያን ጊዜ የአንድን ሰው ዕድሜ በሁለት ምንጭ ካላረጋገጥሁ ዜና የማላነብ ሰው ነበርሁ። በዓለም ላይ አንድ ብቻ የሆነውን የሟች ቃል ግን ቅጅ ሳይኖረው እንግረፈው አልሁ። ይርጋ የሱቁ ባለቤት ነው፤ እምቢ ማለት ይችል ነበር። ተምሯል ብሎ አከበረኝ መሰለኝ፣ እሽ አለ።

ዓርብ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሱቁ በር ቆሜ ነበር። ይርጋ በወረንጦ ክዳኗን ከ66 ነቅሎ 83 ላይ ሰካት። ሽፋኑን አልመለስነውም፤ ከእህቱ ቤት ያመጣውን የጠረጴዛ ቬንትሌተር ከሆዱ ፊት ገተርነው። መብራቱ አሥር ደቂቃ ዘግይቶ መጣ። እነዚያ አሥር ደቂቃዎች ከጠባቡ ሒሳቤ ላይ ተቀነሱ።

ተነሣ። ስክሪኑ ላይ የፍጥነቱ ቁጥር ጨምሮ ታየ። ይርጋ አማተበ። አስጀመርነው።

መቀመጥ አቃተኝ። እገባለሁ፣ አያለሁ፣ እወጣለሁ። መንገዱን እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው ሄጄ እመለሳለሁ። አራት ሰዓት ላይ ሃያ ሁለት ከመቶ አየሁ። ከትናንት ይፈጥናል። አምስት ሰዓት ላይ ሃምሳ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል። ይርጋ ጣቱን ፕሮሰሰሩ ላይ የተገጠመው ብረት ላይ እያስጠጋ ይለካል።

«እንዴት ነው?»

«ይፋጃል። ግን ይሄዳል። አንተ ግን ተቀመጥ እስቲ፤ ስትንቆራጠጥ እኔንም አስፈራኸኝ።»

ተቀመጥሁ። ተነሣሁ። የሃርድ ዲስኩ ድምፅ ትናንት እንደ ጥጥ መፍተል ያለ ነበር፤ ዛሬ በየመካከሉ ቀጭ ቀጭ ይላል። «ይህ ድምፅ ምንድን ነው?» አልሁት። «አልወደድሁትም» አለ። «ላቁመው?»

ስልሳ ስምንት ከመቶ ነበር። «እንዳታቆመው» አልሁ።

ሰባ አራት ላይ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። ነጭ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጣ፤ ሁሉም ነገር ቆመ። የሚሰማው የቬንትሌተሩ ድምፅ ብቻ ነው።

ይርጋ ሶኬቱን ነቀለ፤ ክዳኗን ወደ 66 መለሰ። ሲያስነሣው ማሽኑ በራሱ ሃርድ ዲስኩን መፈተሽ ጀመረ። አስተካከልሁ፣ አስተካከልሁ እያለ መስመር በመስመር ይጽፋል። ያስተካከለው መስሎኝ ደስ አለኝ።

«ይህ እኮ መቁረጥ ነው» አለ ይርጋ ቀስ ብሎ። «ያላገኘውን ነው የሚቆርጠው።»

ፋይሉን ከፈትነው። አያ ታከለ መጡ። ፊታቸው፣ ድምፃቸው፣ ትራሱ፣ ሁሉም አለ። ወደፊት ገፋነው። ሠላሳ አንደኛው ደቂቃ ላይ ፊታቸው በአራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ተበተነ፤ ድምፃቸው እንደ ብረት መፋቅ ሆነና ቆመ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ደግመን ሞከርን። በሌላ ፕሮግራም ሞከርን። ሠላሳ አንድ ላይ ይቆማል። ሰባት ሰዓት ላይ መብራቱ ሄዶ ገላገለን።

የቀረው እርግማኑ ነበር። ይቅርታው ነው የጠፋው።

በጨለመው ስክሪን ፊት እንደተቀመጥን ይርጋ «ይህ ብቻውን ከታየ እኮ ‹ግደለው› ማለት ነው» አለኝ። «መብራት ሲመጣ ላጥፋው? ሃርድ ዲስኩ ተቃጠለ ብንልስ ማን ያውቃል?»

«አታጥፋው።»

«ምን ሊያደርግልህ?»

«የቀረን እሱ ነው። አትንካው።»

ቅዳሜ ቢቸና ገብቼ በቀጥታ የኔታ ዘንድ ሄድሁ። ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ሰሙኝ። አልተቆጡም። «ይቅር ማለቱን በጆሮህ ሰምተሃል?» አሉኝ።

«ሰምቻለሁ።»

«ምን ብሎ?»

«ቃሉን በቃሉ አልያዝሁትም፣ የኔታ። ይርጋም ካሜራውን ሲጠብቅ ቃሉ አምልጦታል።»

«እንግዲያው ‹የልጄን ደም ለመድኃኔዓለም ሰጥቻለሁ› አለ በል። ባይለውም ልቡ ይህ ነው።»

«እንዲህ ሲሉ አልሰማሁም።»

«ሙሉቀን ነገ ቢገደል፣ አልሰማሁም ማለትህ ያጽናናሃል?»

 ቤቴ ሄጄ አባባሉን ለብቻዬ ሞከርሁት። ጥሩ አባባል ነው። ከአፌ ሲወጣም እውነት ይመስላል። እሑድ ማለዳ ስነሣ ገና አልቆረጥሁም ነበር።

ጉባኤው ከቅዳሴ በኋላ ከመንደሯ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ፣ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። መሣሪያ ያለው ሁሉ ለሽማግሌ አስረክቧል። ሙሉቀን በልማዱ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ፊቱን ወደ መሬት ደፍቶ ከዘመዶቹ ጋር ቆሟል። ጸጉሩ ያለ ዕድሜው ሸብቷል። አበጀ ማዶ ነው፤ ቀጭን፣ በፀሐይ የጠቆረ፣ አልቀመጥም ያለ ሰው።

«ዲስኩ የታለ?» አለ።

ተነሥቼ ነገርኋቸው። ካሴቱን፣ መብራቱን፣ ጃምፐሩን፣ ቅጅ ይውጣ ሲባል ግማሽ ሰዓት የለንም ማለቴን። «ጥፋቱ የይርጋ አይደለም፤ ፍጠን ያልሁት እኔ ነኝ» አልሁ። ጉርምርምታ ተነሣ። ከኋላ አንድ ሰው «የተገዛ ነው!» አለ።

አበጀ እጁን አንሥቶ ዝም አሰኛቸው። «አባቴ ምሯል?»

«ምረዋል።»

«ምን ብሎ?»

«ቃል በቃል አልያዝሁትም። ማሽን አምኜ አልጻፍሁትም።»

የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ‹የልጄን ደም ለመድኃኔዓለም ሰጥቻለሁ› አላለም?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ሙሉቀንም ቀና አለ፤ ዓይኑን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አንድ «አዎን» ይበቃው ነበር።

«የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ። እንዲህ ሲሉ አልሰማሁም» አልሁ።

የሙሉቀን ራስ ተመልሶ ወደቀ።

አበጀ ሁለት እርምጃ ቀረበኝ። «የምታስታውሰውን ንገረኝ። አንድም አትጨምር፣ አንድም አትቀንስ።»

«እሽ። መጀመሪያ ተራገሙ» አልሁ። «ገዳዩን ስሙን ጠርተው ረገሙት። ዘሩ እንደ ጤፍ እብቅ ይበተን አሉ። አበጀ እዚህ ቢኖር ይህ ሁሉ ሽማግሌ ምን ይሠራ ነበር አሉ።»

አንድ ሽማግሌ «ኧረ ምን ነካህ አንተ ሰው! ልታጋድል ነው የመጣህ?» ብሎ ጮኸ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ግን ከጀመርሁ መቀነስ አልቻልሁም።

«ይህ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሄደ። ከዚያ ደከሙና ዝም አሉ። አንሡኝ አሉን። እኔና ይርጋ ደግፈን እግራቸውን መሬት አስረገጥናቸው። ሙሉቀንን በስሙ ጠሩት፤ እሱ ምን አደረገ አሉ። ይቅር ብያለሁ አሉ፤ ይህችን ቃል በእርግጥ ሰምቻለሁ። ከዚህ በኋላ የተናገሩት ረዘም ያለ ነገር አለ፤ እሱን አልያዝሁትም። ሳል ያዛቸውና ውኃ ሰጠናቸው። ይህን ነው የማውቀው።»

 ሳቅ የሚመስል ነገር ከአበጀ አፍንጫ ወጣ።

«አባቴ ነው» አለ። «በሬ እንኳ ሲገዛ መጀመሪያ ሻጩን ሰድቦ ነው። ይቅር አለ ብቻ ብትለኝ አላምንህም ነበር። ታከለ ሳይራገም ይቅር አይልም።»

የሰው ትንፋሽ ሲለቀቅ ይሰማ ነበር። አበጀ ግን አልጨረሰም።

«ነገር አለኝ፣ የኔታ። ይህ ሰው ዋስ ይሁነኝ።»

በእርቅ ዋስ መሆን በአገሩ ቀላል ነገር አይደለም። ከሁለት አንዱ እርቁን ቢያፈርስ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዋሱ ነው፤ በአፍራሹም ላይ የሚነሣው እሱ ነው። ለዕድሜ ልክ ነው።

«እኔ ጋዜጠኛ ነኝ» አልሁ። «ወገን አልይዝም።»

«የአባቴን አፍ አጥፍተህ ወገን አልይዝም ትላለህ?» አለኝ፤ ድምፁን አላነሣም። «አሁን አፉ አንተ ነህ።»

የኔታ መስቀል የያዙትን ቄስ ጠሩ። መስቀሉን ስሜ ዋስ ሆንሁ። አበጀ ሄዶ ድንጋዩን ከሙሉቀን ትከሻ አወረደ።

ስለዚያ እርቅ ዘገባ አልሠራሁም። ጣቢያው ሲጠይቀኝ የጉዳዩ ባለቤት ነኝ ብዬ መለስሁ፤ አለቃዬ እስከ ዛሬ አልገባውም። ይርጋ የተረፈውን ሠላሳ አንድ ደቂቃ በ66፣ ሳይቸኩል፣ ለአበጀ በዲስክ አወጣለት፤ እሱም ከሞጣ ወሰደው።

ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ ትሉኝ ይሆናል። ቅጅ የሌለውን ነገር አልነካም፤ ይህ ትንሹ ነው። መቅረጫ ቢኖርም ባይኖርም ደብተሬ ክፍት ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን፣ ጥንቃቄ የሚለካው ጊዜ ሲተርፈን አለመሆኑን ተማርሁ። ጊዜ ሲተርፈኝ እኔም ጠንቃቃ ነበርሁ። ያች ክዳን 83 ላይ ስትሰካ ግን የምኮራበት ጥንቃቄ ከግማሽ ሰዓት አላለፈም። እናንተም አንድ ቀን «ጊዜ የለንም» ስትሉ፣ የሌለው ጊዜ የማን እንደሆነ ጠይቁ። የዚያን ቀን የሙሉቀን ነበር፤ የተጫወትሁበት ግን እኔ ነበርሁ።

ሌላው ዕረፍት ማጣት ነው። ዋስ አይተኛም ይላሉ። ቢቸና ሰው ተጣላ ሲባል የማንን ስም እንደምሰማ እፈራለሁ። አሁን የምኖረው ሌላ ከተማ ነው፤ በየዓመቱ ግን በዚያ መንገድ አልፋለሁ። አውቶቡሱ ወደ መንደሯ ሲቀርብ ተነሥቼ ወደ መስኮቱ እሄዳለሁ። የሙሉቀን ቤት ከመንገዱ በስተግራ ነው። በሩ ክፍት ከሆነ ተመልሼ እቀመጣለሁ።